«ነፃ ናችሁ» ካሏቸው በኋላስ?

አሜሪካ በ2026 የነፃነት አዋጇ 250 ዓመት ይሞላዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የጄኔራሎቹ ወሬ መቼም አይቀርም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በነፃነት ጦርነቱ ጊዜ ድንበር ላይ የተማረኩት ሰዎች ነገር ነው። ነፃ የተባሉት ሰዎች ቤታቸው እንዴት ገቡ?

በሰኔ 1780 የእንግሊዙ መኮንን ሄንሪ በርድና አብረውት የዘመቱት የአገሬው ተወላጆች ኬንታኪ ውስጥ ሁለት የሰፋሪ ምሽጎችን ያዙ። ተወላጆቹ የሚዋጉት ሰፋሪ እየገፋ ስለሚወስድባቸው መሬት ነበር። ሴት፣ ሕፃን ሳይባል በመቶ የሚቆጠር ሰው ተማርኮ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዲትሮይት ተነዳ። ተወላጆቹ ዘንድ ደግሞ የተማረከን ልጅ በሞተ ዘመድ ምትክ ማሳደግ የቆየ ልማድ ነው።

በ1783 ጦርነቱን የቋጨው የፓሪስ ውል ምርኮኞች ሁሉ ይፈቱ አለ። ጥሩ። ግን የተዋዋሉት እንግሊዝና አሜሪካ ናቸው፤ ተወላጆቹን የጠራቸው የለም። እነሱ ጋ ያለው ምርኮኛ ነገሩ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አሜሪካኖቹ ያገኙት መላ መያዣ መቀበል ነው። በ1784 ፎርት ስታንዊክስ በሚባል ምሽግ ከተወላጆቹ ጋር ሲዋዋሉ «ነጭም ጥቁርም» ምርኮኛ እስኪመለስ ድረስ 6 ሰው ያዙ። በ1795 ግሪንቪል ላይ ደግሞ 10 አለቆችን አስቀርተው የ90 ቀን ቀጠሮ ሰጡ። ሰው ለማስፈታት ሰው ማሰር! ከኬንታኪ በልጅነቱ የተወሰደው ስቲቨን ራድል አገሩ የገባው ያኔ ነው፤ ከ15 ዓመት በኋላ። «ጥቁርም» የምትለዋ ቃል ደግሞ ታሳዝነኛለች። ለብዙው ጥቁር ምርኮኛ መመለስ ማለት ወደ ጌታው ቤት መግባት ነበር።

እነዚህ የውል አንቀጾች ውስጥ ስለ ተመላሹ ስንቅ አንድ መስመር የለም። የት መግባት ትፈልጋለህ የሚል ጥያቄማ ጭራሽ የለም። እንደ ጠፋ ከብት ቆጥሮ መረካከብ ብቻ። ለእኔ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። ሰውን ቤቱ አደርሳለሁ የሚል መጀመሪያ ቤቱ የት እንደሆነ ይጠይቃል።

ፍራንሲስ ስሎከምን እንይ። በ1778 ተወላጆች ከፔንሲልቬንያ ሲወስዷት የ5 ዓመት ልጅ ናት። ወንድሞቿ ፍለጋውን አልተዉም። በ1837 ኢንዲያና ውስጥ አገኟት፤ ያወቋትም በልጅነቷ በተጎዳ ጣቷ ነው። እንግሊዝኛው ጠፍቶባት ስለነበር የተነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው። ወደ ቤት እንሂድ አሏት። እምቢ አለች። ማያሚ የሚባሉት ተወላጆች ዘንድ አግብታለች፣ ወልዳለች፣ ልጅ ድራለች።

ጥቂት ቆይቶ መንግሥት ማያሚዎቹን ከኢንዲያና ሊያስወጣ ተነሳ። ፍራንሲስ ያኔ ኮንግረሱን ለመነች። በ1845 እሷና ቤተሰቧ ባሉበት እንዲቀሩ ተፈቀደላቸው። ከተማረከች 67 ዓመቷ ነበር።