የእኛም ውርጭ ደስ ይላል
በረዶ በሚጥልበት አገር ቅዳሜና እሁድን ቤት ተከቶ ማሳለፍ ምን ያህል እንደሚያስደስት የጻፉት ልቤን ነካው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። እንዲያ ያለ በረዶ ባናይም ውርጩ አይጣል ነው! የሚብሰው ደግሞ በክረምት አይደለም፤ ሰማዩ ጥርት በሚልበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ደመና ስለሌለ የቀኑ ሙቀት ሌሊት ይጠፋል።

እሁድ ማለዳ ከኪዳን ስንመለስ ሣሩ ነጭ ሆኖ ከእግር ሥር ኮሽ ኮሽ ይላል። ቤት ስንገባ የገብስ ቆሎ ከምጣድ እየወጣ፣ ጀበናው ተጥዶ ይጠብቀናል። የመንዝ ባና ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ እጄን በሲኒው አሞቃለሁ። ማንም ብዙ አያወራም። ፀሐይ ወጥታ ውርጩ ከቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ነው በር የምንከፍተው።