ስለ ዕዳችን አራት ኪሎ ላይ ክርክር ይደረግ

አራት ኪሎና ፒያሳ ሰው ቡናውን እየጠጣ ስለ ኑሮ ውድነት ሲያወራ ወሬው ዞሮ ዞሮ አገር የተበደረችው ዕዳ ላይ ይደርሳል። ማን ፈቀደው? መልሱ እዚያው ሰፈር፣ ፓርላማው ግቢ ውስጥ መገኘት ነበረበት።

ሕገ መንግሥቱ ግልጽ ነው። አንቀጽ 55(12) አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ምክር ቤቱ ያጸድቃል ይላል። በተግባር የምናየው ግን የብድር ማጽደቂያ አዋጅ ሲቀርብ፣ ማብራሪያ ሲነበብ፣ አንድ ሁለት ሰው ሲጠይቅና እጅ ሲወጣ ነው። በቃ። እያንዳንዱ ብድር ለብቻው ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ወለዱ ዝቅ ያለ፣ መክፈል እስኪጀመር ያለው የእፎይታ ጊዜ ረዘም ያለ ነው፤ አንድ ላይ ሲደመር ግን አገር ይችለዋል ወይ የሚለው ነው መጠየቅ የነበረበት።

በ2007 ዓ.ም. በ6.625 በመቶ ወለድ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ (የብድር ሰነድ) ለውጭ ባለሀብቶች ሸጥን። ታኅሣሥ 2016 ላይ የዚህን ቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀረን። ሰኔ 2017 ደግሞ ፈረንሳይና ቻይና በጋራ ከሚመሩት የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ ጋር የዕዳ ሽግሽግ፣ ማለትም የአከፋፈሉን ጊዜና ሁኔታ የማስተካከል፣ የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ የሚመለከተው ዕዳ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ይህ የሒሳብ ባለሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለማን ምን ቃል እንደምንገባ የሚወስን የውጭ ፖሊሲ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ኮንግረስ ለድሃ አገሮች ዕዳ ስረዛ 435 ሚሊዮን ዶላር የፈቀደው ከብዙ ሙግት በኋላ ነበር። ይህ እኛም በ1996 ዓ.ም. ሙሉ ተጠቃሚ የሆንበት የዕዳ ስረዛ መርሐ ግብር ነው። የሌላ አገር እንደራሴዎች የተሟገቱበትን ነገር የእኛዎቹ በዝምታ ሊያሳልፉት አይገባም።

ፓርላማ ሲዘለል ምን እንደሚመጣ ሞዛምቢክ አይታዋለች። መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 ያለ ፓርላማ ፈቃድ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ለሚጠጋ ብድር ዋስ ሆነ፤ የተደበቀው ብድር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ለጋሾች የበጀት ድጋፋቸውን አቆሙ፣ ገንዘቧ ወደቀ፣ መከራውን የቻለው ተራው ሰው ነው።

ድርድር ምስጢር ይፈልጋል የሚሉ አሉ። ይሁን፣ ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት በዝግ ስብሰባ ይታይ። ከተፈረመ በኋላ ግን የገንዘብ ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን በሚተላለፍ ስብሰባ ይጠየቁ፣ ለየትኛው አበዳሪ መቼ ስንት እንደምንከፍል ሰንጠረዡ ይውጣ። አንቀጽ 55(17) ለምክር ቤቱ ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ይህን ለመጀመር አዲስ ሕግ መጠበቅ የለበትም።