ምስሉ የየትኛው ሴል እንደሆነ ንገሩን

ወገኖቼ፣ በተለይ በላቦራቶሪ የምትውሉ፣ ስሙኝ።

አንድ የታተመ ጥናት ክፈቱ። በሥዕል 2 ላይ በሐምራዊ ቀለም የተነከሩ ሴሎች አሉ፤ ከሥሩ «የጡት ካንሰር» ይላል። ሥዕል 5 ላይ ደግሞ «የሳንባ ካንሰር»። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ግን ጥግ ላይ የተጠጋጉት ሦስት ሴሎች፣ አንዱ ጭራው የረዘመ፣ በሁለቱም ላይ አሉ። ምስሉ ዞሯል እንጂ አልተለወጠም።

ይህ የግድ ተንኮል አይደለም። ሙከራ በአንድ ቀን ብዙ ምስል ይወልዳል፤ የፋይሉ ስም ቀንና ቁጥር ብቻ ይሆናል፤ እጅ ይስታል። ለዚህ ማንንም አልወቅስም። የምወቅሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ዝምታ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ስንባል አላደግንም?

ተመራማሪዋ ኤሊዛቤት ቢክና ባልደረቦቿ ከ1995 እስከ 2014 በ40 ጆርናሎች የወጡ 20,621 ጽሑፎችን መርምረው፣ በ2016 ያሳተሙትን አስቡ። ከመቶ 3.8 ያህሉ ችግር ያለበት ምስል ነበረባቸው፤ ከእነዚህም ቢያንስ ግማሹ ሆን ተብሎ የተነካካ ይመስላል። በቅንነት የተሳሳተው ሰው ከአጭበርባሪው የሚለየው ቀድሞ ሲናገር ነው። ዝም ካለ በምን እንለየው?

«መደምደሚያው አይለወጥም» ትላላችሁ። ይሁን፤ ግን ይህን የሚያስረዳው ዋናው ፋይል እንጂ ቃላችሁ አይደለም። የስም ስሕተት ምን እንደሚያስከፍል አይተናል፦ ኤምዲኤ-ኤምቢ-435 የተባለው ሴል ለዓመታት በጡት ካንሰርነት ሲጠና ኖሮ፣ የሜላኖማ፣ ማለትም የቆዳ ካንሰር ዓይነት፣ ሆኖ ተገኘ። እውነቱ ከታወቀ በኋላም በድሮ ስሙ የሚጠቀሙበት አልጠፉም። ስንት ሰው ዕድሜውን በዚያ ላይ አፈሰሰ!

እናንተም የእርማት ማስታወቂያ ባያችሁ ቁጥር «ተያዘ!» የምትሉ፣ ተዉ። ስሕተቱን ራሱ ያወጣውን ስታሳፍሩ፣ ቀጣዩን እንዲደብቅ እያስተማራችሁት ነው።

ስሕተቱ የደረሰባችሁ ለጆርናሉ ዛሬ ጻፉ። የትኛው ምስል፣ በምን እንደሚተካ፣ እንዴት እንደተቀላቀለ ዘርዝሩ። ዋናው ፋይል ጠፍቶ ከሆነ ጠፋ በሉ፤ አሁን ደግማችሁ ያነሳችሁትን ምስል የያኔው ነው አትበሉ። ምስሉን ባነሳችው ተማሪ ላይም አታላክኩ፤ ጽሑፉ ላይ ስማችሁን ያኖራችሁት እናንተ ናችሁ።