ማስተካከያ፦ ስለ ዝምተኛ ሰው የጻፍኩት ልክ አልነበረም

ድሬዎች ሰላም ናችሁ፣ ባለፈው ሳምንት "የአእምሮ ህመምተኛን የሚያገለው ዝምተኛና ከሰው የማይቀላቀል ሰው ነው" ብዬ ጽፌ ነበር፣ ተሳስቻለሁ ይቅርታ። ጥናቶቹ ላይ ጎላ ብለው የሚታዩት ባህሪዎች ሌላ ናቸው፣ አንዱ ለአዲስ ሀሳብ ክፍት መሆን ሌላው ለሰው ማዘንና ቅንነት፣ እነዚህ ከፍ ያሉበት ሰው ማግለሉ ዝቅ ይላል። እሱም ቢሆን ግንኙነቱ መጠነኛ ነው እንጂ ባህሪህ እንዲህ ስለሆነ የግድ ታገላለህ ማለት አይደለም።

አቦ ደሞ ምሳሌው እዚሁ መጋላ ደጃፌ ላይ ነበር። ብቻውን እያወራ የሚሄድ አንድ የሰፈር ልጅ አለ፣ ጨዋታ አዋቂዎቹ ጎረቤቶች ቡና ላይ ሆነው እሱ ብቅ ሲል ሲኒ ይሰበስባሉ፣ ከሰላምታ በላይ ቃል የማይወጣት ጎረቤታችን ግን በስሙ ጠርታ በራሷ ብርጭቆ ሻይ ትቀዳለታለች፣ ስኳሩንም አማስላ። የገዛ ወንድሟን አስታማለች። ይሄም ያልጻፍኩት ነገር ነው፣ የታመመ ሰውን በቅርብ ማወቅ ማግለልን ከሚቀንሱ ነገሮች ዋናው ነው፣ ባህሪ ብቻውን አይደለም።

"እብድ" ያልኩበትንም ቦታ "የአእምሮ ህመም ያለበት ሰው" ብዬ ቀይሬዋለሁ።