ጥፋቱ የማህፀኑ አይደለም

«ማህፀኗ ወጣ»፣ ማለትም ከቦታው ወርዶ ወደ ውጭ መጣ፣ ሲባል የሰማ ሁሉ ሐሳቡ ማህፀኑ ላይ ያርፋል። ቀጥሎ የሚመጣውም የታወቀ ነው፦ የወጣው ማህፀን ከሆነ ተቆርጦ ይወገድና ነገሩ ይለቅ። በዚህ አንስማማም። የላላው ማህፀኑን ይዞት የነበረው ነገር ነው። እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚወርደው የብልት የፊት ግድግዳ ነው፤ የሽንት ፊኛውን አስከትሎ ይመጣል። የኋላው ግድግዳ ሲላላ ደግሞ የትልቁ አንጀት መጨረሻ ወደ ፊት ይገፋል። ማህፀኗ ከዓመታት በፊት በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴትም ቢሆን የብልቷ ጣሪያ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ሊወርድባት ይችላል።

ማህፀኑን የሚይዙት ሁለት ናቸው። ከታች የዳሌ ወለል ጡንቻዎች አሉ። ከፊት ካለው የዳሌ አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ተወጥረው የሆድ ዕቃን ክብደት ቀን ከሌት ይሸከማሉ። ከላይ ደግሞ የማህፀንን አንገትና የብልትን ጣሪያ ከዳሌው የኋላ አጥንት ጋር ያንጠለጠሉ ጅማቶች አሉ። ጡንቻው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ጅማቱ እረፍት አለው። በምጥ ጊዜ፣ በተለይ ልጁ ጭንቅላቱን በሚይዝ መሣሪያ (ፎርሴፕስ) ተስቦ ሲወለድ፣ ጡንቻው ከአጥንቱ ሊገነጠል ይችላል። ያን ጊዜ ሸክሙ ጅማቱ ላይ ይወድቃል። ጅማት ደግሞ በአንድ ቀን አይበጠስም፤ ለዓመታት ሲለጠጥ ይኖራል። በ25 ዓመቷ የተጎዳች ሴት በ55 ዓመቷ የምትታመመው ለዚህ ነው። በመካከሉ ማረጥ ይመጣል፣ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ይቀንሳል፣ የብልቱ ግድግዳ ይሳሳል። የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ከባድ ሸክምና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነገሩን ያባብሱታል። በቀዶ ሕክምና መውለድ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ምልክቱ በአብዛኛው ሕመም አይደለም። ሴትየዋ የሚሰማት ክብደት ነው፤ ኳስ ላይ የተቀመጠች ያህል፣ ወይም አንድ ነገር ሊወድቅባት ያለ ያህል። ጠዋት ቀለል ይላል፣ ማታ ይብሳል፣ ሲተኙ ይጠፋል። ሽንቷን ወይም ሰገራዋን ለመጨረስ ያበጠውን በጣቷ ወደ ውስጥ መግፋት የሚያስፈልጋትም አለች፤ ይህን ሳትጠየቅ የምትናገር ጥቂት ናት፣ ስለዚህ ሐኪሙ በግልጽ መጠየቅ አለበት። ምርመራው ላይም ተኝታ ብቻ ካያት ችግሩን አሳንሶ ይገምታል። አምጣ እንድትገፋና እንድታስል ማድረግ፣ የምትለው እብጠት ካልታየ ደግሞ ቆማ መመርመር ያስፈልጋል። የወረደው ክፍል የሚለካው ከብልት አፍ አንጻር ነው፦ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ከቀረ ደረጃ 1፣ ከአፉ 1 ሴንቲ ሜትር ወዲህና ወዲያ ከሆነ 2፣ ከዚያ አልፎ ከወጣ 3፣ ሙሉ በሙሉ ከተገለበጠ 4 ይባላል። ምንም ካልተሰማት መታከም ግዴታ አይደለም። ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ የወጣው አልመለስ ካለ ወይም ከቆሰለ፣ ካረጡ በኋላ ደም ከታየ ግን ሳይውል ሳያድር መታየት ይገባል።

ደረጃ 1 እና 2 ላይ መጀመሪያ መሰጠት ያለበት የጡንቻ ልምምድ ነው። ፈስን ለመያዝ እንደሚደረገው ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ፣ ከ6 እስከ 8 ሰከንድ መያዝ፣ ያንኑ ያህል ማረፍ፤ በአንድ ዙር 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር፣ ቢያንስ ለ16 ሳምንት። ብዙዎች «ሞክሬው አልሠራም» የሚሉት ስለሚያምጡ ነው። ትንፋሻቸውን ይዘው ወደ ታች ይገፋሉ፤ ያ ደግሞ ማዳን ቀርቶ ይጎዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ብልት ውስጥ የገባ ጣት ተጨምቆ ወደ ውስጥ መሳብ እንጂ ወደ ውጭ መገፋት የለበትም። ልምምዱ ክብደቱን ያቀልላል፤ ከአፍ አልፎ የወጣን ማህፀን ግን ወደ ቦታው አይመልስም፣ ይህን ተስፋ መስጠትም ተገቢ አይደለም።

በጣም የሚያሳዝነን ፔሳሪ መረሳቱ ነው። ከሲሊኮን የተሠራ፣ ብልት ውስጥ ገብቶ የወረደውን የሚደግፍ ቀለበት ነው፤ ያለ ቀዶ ሕክምና በዚያው ቀን እፎይታ ሊሰጥ ይችላል። ዋናው ነገር ልኩ ነው። ሐኪሙ በጣቱ ለክቶ ቀለበቱን አጥፎ ያስገባል፤ ውስጥ ሲዘረጋ በጠርዙና በብልቱ ግድግዳ መካከል አንድ ጣት ማለፍ አለበት። ከዚያ ሴትየዋ ታስላለች፣ ትራመዳለች፣ ቁጢጥ ትላለች፣ ሽንቷን ሸንታ ታሳያለች፤ ከዚያ በፊት ወደ ቤት አትላክም። ካነሰ ይወድቃል። ከበዛ ሽንት ያግዳል፣ ግድግዳውንም ያቆስላል። ልኩ በደንብ ከገጠመ መኖሩም አይታወቃትም። ራሷ አውጥታ በሳሙናና በውሃ አጥባ መመለስ የምትችል ሴት ብትማር ይመረጣል፤ ካልቻለች በየ3 እስከ 6 ወሩ ሐኪም ያውጣው፣ ግድግዳውን ይይ። ላረጡ ሴቶች ብልት ውስጥ የሚደረግ ኤስትሮጅን ክሬም ቁስለቱን ይቀንሳል። ለዓመታት ተረስቶ የቀረ ፔሳሪ ግድግዳውን በልቶ ወደ ፊኛ ወይም ወደ አንጀት ቀዳዳ ሊከፍት ይችላል፤ ስለዚህ የክትትል ቀን ሳይቆረጥ ፔሳሪ ማስገባት ስህተት ነው።

ቀዶ ሕክምና ሲወሰን ሴትየዋ «ማህፀኔ ይወጣል ወይ?» ከማለቷ በፊት «ጣሪያውን ከምን ጋር ታስሩታላችሁ?» ብላ ትጠይቅ። ማህፀኑ ተቆርጦ ጣሪያው ከጠንካራ ጅማት ጋር ካልተሰፋ፣ የላላው እንደላላ ስለሚቀር መውረዱ ሊመለስ ይችላል። የፊት ግድግዳን ብቻ አጥብቦ መስፋትም እንዲሁ ነው። ማህፀኑን ሳያወጡ ወደ ላይ ሰቅሎ መስፋትም ይቻላል። በብልት በኩል ለዚህ ችግር የሚገባው ሰው ሠራሽ መረብ ግን ሥጋ ሰንጥቆ እየወጣና ሕመም እያስከተለ ብዙ ሴቶችን ጎድቷል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2019 አምራቾቹ ሽያጩን እንዲያቆሙ አዟል። በሆድ በኩል ጣሪያውን ከዳሌው የኋላ አጥንት ጋር ለማያያዝ የሚሠራበት መረብ ሌላ ነው፤ እሱ ዛሬም አገልግሎት ላይ አለ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ፈተና እንዳይዘለል። የወረደው ክፍል የሽንት ቧንቧውን አጥፎ ይይዘውና ሽንት ማምለጡን ሊደብቀው ይችላል፤ ጥገናው ቧንቧውን ሲያቃና ከዚህ በፊት ያላመለጣት ሴት ስታስል ማምለጥ ይጀምራታል። ፊኛዋ ሞልቶ፣ የወረደው በእጅ ወይም በፔሳሪ ወደ ላይ ተይዞ እንድታስል ቢደረግ ይህ ቀድሞ ይታወቃል። ያን ጊዜ ምርጫዋን ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ በፊት ታደርጋለች።