ፔንሲልቬኒያን የያዘ ዓሣ ይበላል

በአሜሪካ ምርጫ ድምፅ የሰጠሁት ሐዋሳ ላይ ነው። ፒያሳ አካባቢ፣ ጀበና ቡና የምንጠጣበት ጥግ፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ ዱካ ላይ ተቀምጬ። ድምፄ የተመዘገበው በእታለም የዱቤ ደብተር የኋላ ገጽ ላይ ነው። ታዛቢም ነበረ። ጫማ የሚጠርገው ልጅ።

ጊዜው ጥቅምት 2017 ነው። ካማላ ሃሪስና ዶናልድ ትራምፕ ማክሰኞ ጥቅምት 26 ሊለይላቸው ቀናት ቀርተዋል። አሜሪካ ለሁለት ተከፍላለች ይባል ነበር። እኛ ጥጉ ላይ ለአስራ አንድ ተከፍለን ነበር። የተቀመጥነው አስራ አንድ ስለሆንን።

እታለም ቡና የምታፈላልን ሴት ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ ሁላችንም ግን እታለም ነው የምንላት። ክርክሩ በጦፈ ቁጥር አንድ ሲኒ ይሰበርባታል። ሦስተኛው ሲኒ ሲሰበር ተነሣች።

«ከእንግዲህ የሚሟገት በዓሣ ይሟገት» አለች። «ያገኘ ይብላ፣ የሳተ ይክፈል። ቃላችሁን እኔ እጽፋለሁ፤ ኋላ መካካድ የለም።»

የዱቤ ደብተሯን ገልብጣ ከኋላ ጀመረች። ከፊት የቡና ዕዳችን፣ ከኋላ የትንቢት ዕዳችን ሆነ። ውርርዱ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደን የምንበላው የቆሮሶ ጥብስ ነው። ሾርባው ምርቃት።

የመጀመሪያው ቃል ሰጪ ጋሼ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ካርታ ስንት ዓመት ቆይቶ ሥራ አገኘ። ረከቦቱ ላይ ሰባት ሲኒ ደረደሩ።

«ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው የወኪሎች ድምፅ ነው፤ በየግዛቱ ተከፋፍሎ ጠቅላላው 538 ነው» አሉ። «270 የያዘ ቤተ መንግሥት ገባ። አብዛኛው ግዛት ከወዲሁ የታወቀ ነው። ካሊፎርኒያን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው፣ ነገ ፀሐይ በየት በኩል ትወጣለች ብሎ የሚጠብቅ ነው። የሚያጨቃጭቁት እነዚህ ሰባት ናቸው።»

ሲኒዎቹን አንድ በአንድ እየነኩ ጠሩ። ፔንሲልቬኒያ 19። ጆርጂያ 16። ኖርዝ ካሮላይና 16። ሚሺጋን 15። አሪዞና 11። ዊስኮንሲን 10። ኔቫዳ 6። ዞር ሲሉ እታለም ፔንሲልቬኒያ ላይ ቡና ቀድታ ለደንበኛ ሰጥታለች። ሰውየው ፔንሲልቬኒያን በሁለት ጉንጭ ጨረሳት። ጋሼ ሲኒዋ እስክትመለስ ትምህርቱን አቋረጡ።

የባጃጁ ልጅ እጁን አወጣ። ጋሼ ፊት ሁላችንም እጅ እናወጣለን፤ ልማድ ነው።

«ጋሼ፣ ብዙ ሰው የመረጠው አያሸንፍም እንዴ?»

«ሁልጊዜ አይደለም፣ ልጄ። በፈረንጅ 2016 ሂላሪ ክሊንተን ወደ ሦስት ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጣ ቤቷ ገባች።»

«ነጩ ቤት?»

«የራሷ ቤት።»

ልጁ ዝም አለ። ጋሼ ቀጠሉ። በአንድ ግዛት በጥቂትም ይሁን በብዙ የበለጠ ሰው የግዛቱን የወኪል ድምፅ ሙሉ ይጠቀልላል። ሜይንና ኔብራስካ ብቻ ይከፋፍላሉ። በፈረንጅ 2000 ጆርጅ ቡሽ ፕሬዚዳንት የሆኑት ፍሎሪዳን በ537 ድምፅ በልጠው ነው።

«537?» አለ የባጃጁ ልጅ። «እሱን እኮ እኔ በሳምንት አመላልሳለሁ!»

ጋሼ በመጨረሻ ውሳኔያቸውን ሰጡ። ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና ፔንሲልቬኒያ ለካማላ። የቀሩት አራት ሲኒዎች ለትራምፕ። «እታለም፣ ጻፊ። 270 ለ268። ካማላ።» የሚኒስትሪ ውጤት የሚያነቡ ነበር የሚመስለው። በፀጉር ስንጥቅ የሚለይ እንዲህ ያለ ግምት የሚሰጥ ሰው ወይ ሊቅ ነው፣ ወይ ብዙ ትርፍ ጊዜ አለው። ጋሼ ሁለቱም አላቸው።

ቀጥሎ የውጭ ዘጋቢዎቻችን ተራ ደረሰ። አንደኛው እህቱ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ሁለተኛው የአክስቱ ልጅ ላስ ቬጋስ ሆቴል ይሠራል። ጥጋችን ላይ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ጋር መከራከር ከባድ ነው። አንተ ዜና ሰማሁ ስትል እነሱ «ትናንት በስልክ አወራን» ይሉሃል። አለቀ።

«እህቴ አንድም የትራምፕ ደጋፊ አላየችም» አለ ሲልቨር ስፕሪንግ። «በሥራ ቦታ የለም። በቸርች የለም። በታክሲ የለም። ሰውየው ሕዝብ የለውም!»

እህቱ የምትሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። እዚያ ከመቶ ሰው መሐል ትራምፕን የመረጠ ሰባት እንኳ አልሞላም። አሞራ ገደል ቆሞ «ዓሣ የማይወድ ሰው አላየሁም» እንደማለት ነው።

ደግሞ ስህተቱ የእሷ ብቻ አይደለም። በፈረንጅ 1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰው መጠይቅ ላከ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። ከዚያ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ይሸነፋል ብሎ አወጀ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛት 46ቱን ጠራርገው ወሰዱ። ለካስ መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው በአብዛኛው ስልክና መኪና ካላቸው ሰዎች ዝርዝር ነው። ያን ጊዜ አገሩ በችግር ተመትቶ ስልክ ያለው ሰው ጌታ ነበር። መጽሔቱ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ተዘጋ። የእኛ ዘጋቢ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

ላስ ቬጋስ ሳቀበት። «የአክስቴ ልጅ የሚኖረው በቲፕ ነው» አለ። «ትራምፕ ቲፕ ላይ ግብር አይኖርም ብሏል። የሆቴሉ ሰው ሁሉ ለእሱ ነው።»

«ካማላም እኮ ኋላ ብላዋለች።»

«ኋላ! ኋላ የመጣ ቡና አቦል ይሆናል እንዴ?»

እዚህ ላይ አራተኛው ሲኒ ተሰበረ።

ከዳር የተቀመጠች አንዲት ሴት አለች። ብዙ አትናገርም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ስትጠየቅ ሲኒዋን አስቀመጠች።

«አንደኛው በ2013 ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብሎ ተናገረ» አለች። «የሌላዋ አለቃ ባይደን ደግሞ በ2014 ከአጎዋ አስወጡን። እኔ የሰፋሁት ሸሚዝ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መግባት ሲያቆም እኔም ሥራ መግባት አቆምኩ። እና ማንን ልበል? እታለም፣ ያው ጻፊልኝ።»

እታለም «ያው» ብላ ጻፈች። ትንሽ ዝምታ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ውርርድ ያበላሻል። ደግነቱ ነቢዩ ደረሰልን።

ነቢዩ እሱ ራሱ ነቢይ አይደለም። በስልኩ ነቢይ የሚከታተል ሰው ነው። «ሰውዬው ትናንት ሌሊት አይቷል» አለ። «ሴት አያለሁ። ነጭ ቤት ስትገባ አያለሁ። ነው ያለው።» እታለም «ሴት» ብላ ጻፈች።

የባጃጁ ልጅ የመጣው ፎቶ ተነሥቶ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ሁለት ጆሮ የሚታይበት ፎቶ። ዲቪ ሞልቷል። የዚያ ዓመት ዲቪ የሚዘጋው ምርጫው በተደረገ በሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 28 ነበር። ከተማው ውስጥ ኢንተርኔት ቤቱ ሁሉ ተሰልፏል። ግማሹ አሜሪካ ማን ይገዛታል ብሎ ይጨቃጨቃል፣ ግማሹ ሊሄድላት ፎርም ይሞላል። አንዳንዱ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ።

«ትራምፕ» አለ ልጁ፣ ሳይቀመጥ።

«ምክንያት?» አሉ ጋሼ። ያለ ምክንያት መልስ አይቀበሉም።

«ትራምፕ ዲቪ አይወድም። ይዘጋ ብሎ ያውቃል። እኔ ደግሞ ገና ዛሬ መሙላቴ ነው። ስለዚህ ያሸንፋል። የራሴን ዕድል አውቀዋለሁ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳይንሳዊ አይደለም ማለታቸው ነው።

የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔ ሰው የሚንቀኝ ነገር አልናገርም። እግሬን አነባብሬ «ፊፍቲ ፊፍቲ ነው» አልኩ። «ወሳኙ የመራጩ ተሳትፎ ይመስለኛል።» ቴሌቪዥን ላይ እንዲህ የሚሉ ሰዎች ከረባት ያደርጋሉ፣ አበልም ይከፈላቸዋል። ካማላ ብትገባ ብያለሁ፣ ትራምፕ ቢገባ ብያለሁ። ከሁለት አቅጣጫ ዓሣ የሚመጣልኝ መስሎኝ ነበር።

እታለም ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላሳየችኝም።

ለራሳችን ምርጫ እንዲህ አንጨነቅም፣ እውነቱን ለመናገር። በ2007ቱ ምርጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ የፓርላማውን ወንበር ጠቅልለው ወሰዱ። ጋሼ ያን ጊዜ ሲኒ አልደረደሩም። በምን ላይ ይደረድራሉ? ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ውጤት ከገመተ ዓሣውን ማን ይከፍላል? የሰው አገር ምርጫ ግን ይጣፍጣል። ጮክ ብለህ ትገምታለህ። ከመገመትህ በፊት ዘወር ብለህ አጠገብህ ማን እንደተቀመጠ አታይም።

ጆርጂያ ውስጥ ምርጫ ጣቢያ የተዘጋው በእኛ ረቡዕ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ጋሼ አልተኙም። ጠዋት እታለም ፍም ሳታያይዝ መጥተው ቁጭ ብለዋል፣ ሰባቱን ሲኒ አስደርድረው። የባጃጁ ልጅ ባጃጁን አቁሞ ስልኩ ላይ ተተክሏል። ኖርዝ ካሮላይና ለትራምፕ ተባለ። «ትክክል» አሉ ጋሼ። ሦስት ሰዓት ገደማ ጆርጂያም። «ትክክል።» በጣታቸው አየር ላይ ራይት ይሰጣሉ፣ ለራሳቸው። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ፔንሲልቬኒያ መጣች።

ጋሼ ሲኒዋን ቀስ አድርገው ገለበጧት። ድሮ ሲኒ ገልብጠው ዕድል የሚያነቡ ሴቶች ነበሩ። ጋሼም የተገለበጠችውን ሲኒ ለብዙ ደቂቃ አነበቧት። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ የዜና ወኪሉ አሶሺዬትድ ፕሬስ ዊስኮንሲንን ለትራምፕ ጨምሮ ነገሩን ዘጋው። ውጤቱ በኋላ ተጠናቅቆ ሲወጣ 312 ለ226 ሆነ። ሰባቱም ሲኒ የአንድ ሰው።

ቅዳሜ ተሰበሰብን። ተአምሩን የዚያን ዕለት አየሁ። ከአስራ አንዳችን ዘጠኙ «ብዬ ነበር» አልን።

«እኔ እህቴ ያለችውን ነው የነገርኳችሁ» አለ ሲልቨር ስፕሪንግ። «የራሴን መቼ ጠየቃችሁኝ?»

«ሜላንያ ሴት አይደለችም እንዴ?» አለ ባለ ነቢዩ። «ነጭ ቤት አልገባችም?»

ጋሼ ወረቀት አወጡ። አስልተው መጥተዋል። «ከ50ው ግዛት 47ቱን በትክክል መልሻለሁ» አሉ። «ከመቶ 94! በእኔ ጊዜ ይህ እጅግ በጣም ጥሩ ነው። የሳትኩት ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው።»

«አሸናፊውን ስተዋል እኮ፣ ጋሼ።»

«እሱ አንድ ጥያቄ ነው።»

ሁላችንም ወደ እታለም ዞርን። ደብተሩ ይፈርዳል። እታለም ደብተሩን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች።

«ከፊት ያለውን ሳትዘጉ» አለች፣ «ከኋላ ያለውን አላነብም።»

የዱቤ ደብተር ከፊት ሲነበብ እንዴት እንደሚረዝም የሚያውቀው የተነበበበት ሰው ብቻ ነው። ጋሼ ሳይቀሩ ቴሌብር ከፈቱ። ላስ ቬጋስ የሦስት ወር ነበረበት። ይቺ ሴት ከመጀመሪያው፣ ሲኒው ሲሰበር ጀምሮ ይህን ገምታ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። መልሱን እፈራዋለሁ።

ከዚያ ገለበጠችና አነበበች። ትራምፕ ያለው ሦስት ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ። «ሴት» ያለው ሾርባውን ይክፈል ተባለ። «ያው» ያለችው አትከፍልም፤ እታለም ናት የወሰነችው፣ ማንም አልተከራከረም። ጋሼ 94 ስላመጡ ሎሚውንና ዳቦውን ብቻ ቻሉ። ዓሣውን ካማላ ያሉት ተካፈሉት።

አሞራ ገደል ወረድን። የባጃጁ ልጅ ባለ ድሉ ነው፤ ትልቁ ቆሮሶ ለእሱ ቀረበ። ፊቱ ግን አልፈታ አለ።

«ምነው?» አልኩት።

«ዓሣውን በላሁ፣ አሜሪካን ተበላሁ» አለ።

እኔ የራሴን ድርሻ እየጠበቅሁ ነበር። እታለም ደብተሩን ይዛ መጥታለች፤ በእኔ አንጻር የጻፈችውን አሳየችኝ። «ሁለቱንም ብሏል» ይላል። በቀይ እስክሪብቶ።

«ግማሽ ዓሣ ትከፍላለህ፣ ግማሽ ትበላለህ» አለች። «ይኸውልህ።» የዓሣ ጭንቅላት ሰጠችኝ።

ሐይቁ ዳር አባ ኮዳዎቹ እንደ ወትሮው ቆመዋል። ራሰ በራ፣ ከረጢታቸውን አንጠልጥለው፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ። እነዚህ ወፎች የትኛው ዓሣ አጥማጅ መቼ ምን እንደሚጥል ያውቃሉ። ጭንቅላቱን ገለበጥሁት፣ አየሁት፣ አንዴ ቆረጥ አደረግሁለት። አንዱ አባ ኮዳ ከሌሎቹ ተለይቶ ቀስ እያለ ወደ እኔ ወንበር መጣና ቆመ።