ይዘግይ፣ ግን ተስተካክሎ ይምጣ

ችግር ያለበት የስፖርት ቪዲዮ ጌም ጥራቱ እስኪሻሻል መውጫው ይራዘም የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። በሙሉ ልቤ እስማማለሁ። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ድርጅት ኮናሚ የእግር ኳስ ጌሙን ኢፉትቦል 2022ን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ቸኩሎ ለቀቀው። የተጫዋቾቹ ፊት ተበላሽቶ ሲታይ ዓለም ሳቀ፣ ድርጅቱም ይቅርታ ጠየቀ። ለኖቬምበር የታሰበው ትልቁ ማሻሻያ ተራዝሞ የመጣው በኤፕሪል 2022 ነው። ያንን ጊዜ መጀመሪያውኑ ቢወስዱትስ?

እኛ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት በየጨዋታው ከፍለን ነው የምንጫወተው። አንድ ቀን በሌላ ጌም ኳሷ በረኛውን ሰንጥቃ ገባች፤ እጁን አልፋ ሳይሆን ደረቱን! የተቆጠረበት ልጅ ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ቀረ። የከፈለው የምሳ ብሩን ነበር። የጌም አዘጋጆቹ ያን ልጅ ቢያዩት ደስ ይለኛል። ወራት መጠበቅ ለእኛ ምንም አይደለም።